በቀዩ አለት ምድር ማደሪያ ፍለጋ፦ «ባዶ መሬት» ስለሚባለው ነገር



ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ በሕዝብ መሬት ላይ ድንኳን የሚተከለው የት ነው? ጥያቄው የመዝናኛ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን በአሜሪካዋ የዩታ ግዛት፣ በሞአብ ከተማ አቅራቢያ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማደሪያ ስፈልግ የመሬት አስተዳደር ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት።

አገሩ የኮሎራዶ ወንዝና ገባሮቹ የሸረሸሩት የአሸዋ ድንጋይ አምባ ነው፤ ቅላቱም በድንጋዩ ውስጥ ካለው የብረት ዝገት የመጣ ነው። ከአርችስና ከካንየንላንድስ ብሔራዊ ፓርኮች ውጭ ያለውን አብዛኛውን ምድር የሚያስተዳድረው እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው። ቢሮው በመላ አገሪቱ የያዘው መሬት 245 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከኢትዮጵያ ጠቅላላ ስፋት ብዙም አያንስም። በአብዛኛው በዚህ መሬት ላይ ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ ማደር ይችላል፤ የተለመደው ወሰን በ28 ቀናት ውስጥ 14 ቀን ነው። በሞአብ ዙሪያ ግን መንገደኛው ስለ በዛ፣ በብዙ ስፍራዎች ማደር የሚቻለው ምልክት በተደረገበት ቦታ ብቻ ነው፤ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ይዞ መምጣትም ግዴታ የሆነባቸው ቦታዎች አሉ።

በዚያ ምሽት መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በአንድ ደረቅ የወንዝ መውረጃ ላይ ነበር። አሸዋው ለስላሳ፣ ስፍራው ከነፋስ የተከለለ ነው። ነገር ግን የተራቆተ አለት ውኃ አይመጥም፤ ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት የዘነበ ዝናብ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በዚያ ሸለቆ ይወርዳል። አማርኛችን ይህን ጎርፍ «ደራሽ» ይለዋል። ሌላ ቦታ ዘንቦ እዚህ ይደርሳልና ስሙ በራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ትቼው ወጣሁ።

ቀጥሎ ወደ አንድ ሜዳ አመራሁ። ምንም የሌለበት መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ስመለከት ግን አፈሩ ጠቆር ያለና ጉብ ጉብ ያለ ቅርፊት ለብሷል። ያ ቅርፊት ሕያው ነው፤ ሳያኖባክቴሪያ፣ ሽበትና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት አሸዋውን አያይዘው ከነፋስ ይጠብቁታል፣ ናይትሮጂንም ይመግቡታል። አንድ የጫማ ርግጫ የሰበረውን መልሶ ለመጠገን ዓመታት፣ አንዳንዴም አሥርት ዓመታት ይፈጃል። በመጨረሻ ያደርሁት ከእኔ በፊት ብዙዎች ባደሩበትና መሬቱ በጠነከረበት ምልክት ባለው ስፍራ ነው።

ከዚያ ምሽት የተማርሁት፣ «ባዶ» የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ የተመልካቹን አለማወቅ እንጂ የመሬቱን ሁኔታ እንደማይገልጽ ነው። ከሞአብ በስተደቡብ የሚገኘው ቤርስ ኢርስ ለዚህ ምስክር ነው። ሆፒ፣ ናቫሆ፣ ዙኒና ሁለት የዩት ሕዝቦች የአባቶቻቸው ምድር እንደሆነ ተናግረው ጥበቃ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ ቅርስ ሆኖ ታወጀ፤ በ2017 ስፋቱ በእጅጉ ተቀነሰ፤ በ2021 ተመለሰ። አንዱ ወገን ባዶ ብሎ ያየው ለሌላው መቃብርና መጸለያ ነበር።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 መሬት የሕዝቦች የጋራ ንብረት መሆኑን ይደነግጋል፤ አርብቶ አደሩም ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይገልጻል። ሆኖም መንጋው ለወራት የተለየውን የግጦሽ መሬት «ባዶ» ብሎ መጥራት ዛሬም ይቀናናል። መንጋው የሄደው ግን ሣሩ እንዲያገግም፣ እርሱም በወቅቱ እንዲመለስ ነው።

ስለዚህ የመሬት አጠቃቀም ካርታ የምታዘጋጁ ተማሪዎች ሆይ፣ «ባዶ» የሚለውን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ አፈሩን ተመልከቱ፤ ቀጥሎም በዚያ የሚያልፈውን ሰው ጠይቁ።