የክረምት ወንዝና የዩኒየኑ ፒክአፕ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለወረዳ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)





እንደሚታወቀው በእንዲህ ያለ በዓል የሚነገረው ስለ ትርፍ ክፍፍል፣ ስለ ተሠሩ መጋዘኖችና ለአባላት ስለ ቀረበው የማዳበሪያ መጠን ነው። ይህ ንግግር ግን መጋዘኑ በር ላይ ስለቆመችው ባለ ናፍታ ፒክአፕ ነው። ዩኒየኑ ካለው ንብረት ሁሉ በክረምት አብዝታ የምትንገላታው እሷ ናት። ምርጥ ዘር ታደርሳለች፣ ባለሙያና ኦዲተር ታመላልሳለች፣ አንዳንዴም ምጥ የያዛትን እናት ጤና ጣቢያ ታደርሳለች። የተገዛችው በአባላት ገንዘብ ነው። መሪዋን የሚይዘው ሾፌር ደግሞ ማታ ቤተሰቡ የሚጠብቀው ሰው ነው።

በአንድ የሐምሌ ቀን አንድ ሾፌር የጤፍ ዘር ጭኖ፣ ከአንድ ወጣት ባለሙያ ጋር በፎገራ ሜዳ ወደ ርብ የሚገባ ጅረት ዳር ደረሰ። በዚያው ቀን ጠዋት የመጀመሪያውን ጭነት ይዘው ሲሻገሩ የጅረቱ ጠጠር ይታይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ በቦታው ፀሐይ ወጥቷል፣ አንድ ጠብታ ዝናብ የለም። ውሃው ግን ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይወርዳል። ባለሙያው ሰዓቱን አየና «ጠዋት አልፈነው የለም እንዴ? ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ገበሬው ማሳው ላይ ቆሞ እየጠበቀን ነው» አለ። ከማዶ ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት በበኩላቸው ዱላቸውን እያወዛወዙ «ኧረ ተው ልጄ! ጉናን አታየውም? ጠቁሯል እኮ!» ብለው ጮኹ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ባለሙያው አኮረፈ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሚሻገሩበት ቦታ ከፒክአፗ ኮፈን በላይ በሆነ ውሃ ተሸፈነ። ዘሩ በማግሥቱ ጠዋት ተሻገረ፤ በዚያው ሳምንት ተዘራ።

እኒያ አባት የተናገሩት ከአካባቢው አቀማመጥ የመጣ እውቀት ነው። ርብና ጉማራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ በኩል ተነሥተው ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ጉና ላይ የዘነበው ሜዳው ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ከዳር እስከ ዳር ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅለዋል። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 30 ቀን ሊነጋ ሲል፣ በድሬዳዋ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ከደጋው የወረደ ጎርፍ አምጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ስለዚህ ወንዝ ዳር የደረሰ ሾፌር መጀመሪያ ማየት ያለበት የወንዙን መነሻ ሰማይ ነው፤ ከፊቱ ያለው ውሃ ከዚያ በኋላ ይታያል። የውሃው መደፍረስ፣ ጭራሮ ይዞ መምጣቱና ድምፁ መለወጡ የመሙላቱ ምልክቶች ናቸው። የአካባቢውን ሰው ጠይቆ መልሱን አለመቀበል ደግሞ ካለመጠየቅ የባሰ ነው።

ብዙ ሰው «መኪና ከባድ ነው፣ ውሃ አይወስደውም» ይላል። ሂሳቡ ግን ሌላ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። የፒክአፕ ወለል ርዝመቱ 4 ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ 1 ሜትር ተኩል ነው እንበል። ውሃ ወደ ውስጥ ካልገባ፣ ከወለሉ በላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ከ600 ኪሎ በላይ ክብደት ከጎማዎቹ ላይ ይነሣል። ባዶ ፒክአፕ 1,800 ኪሎ ያህል ብትመዝን ሦስት እንዲህ ያለ ከፍታ ሊያንሳፍፋት ይበቃል። ውሃው የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ያን ያህል እንኳ አይጠብቅም። የሚፈስ ውሃ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን ፒክአፕ ሊወስድ ይችላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ባዶ ፒክአፕ ኋላዋ ቀላል ስለሆነ መጀመሪያ የሚነሣው የኋላ ጎማዋ ነው፤ ያኔ መሪ መያዝ ምንም አይፈይድም።

በሾፌሮች ዘንድ «ናፍታ ውሃ አይፈራም» የሚባል አነጋገር አለ። ግማሹ እውነት ነው። የቤንዚን ሞተር ውሃ ሲረጭበት የሚጠፋው የካንዴላው እሳት ስለሚቋረጥ ነው። ናፍታ ግን የሚነደው አየሩ ተጨምቆ በሚፈጥረው ሙቀት በመሆኑ ከላይ የሚረጭ ውሃ ቶሎ አያጠፋውም። ሌላው ግማሽ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። 3,000 ሲ.ሲ. የሆነ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር 750 ሲ.ሲ. አየር ይስባል። ይህን ወደ ሃያ እጥፍ ጨምቆ ፒስቶኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 40 ሲ.ሲ. ያህል ነው፤ ግማሽ ሲኒ ማለት ነው። አየር ይጨመቃል፣ ውሃ አይጨመቅም። በአየር ማጣሪያው በኩል ከዚህ የበለጠ ውሃ ከገባ ፒስቶኑ መሄጃ ያጣና ቢየላው ይጎብጣል፣ ሲብስም ብሎኩን ሰብሮ ይወጣል። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ ሾፌሩ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ደንግጦ ቁልፉን ደጋግሞ ማዞር ነው። መኪናዋ ተጎትታ መውጣት፣ ማጣሪያው መታየት፣ እርጥብ ከሆነም ኢንጀክተሮቹ ተፈትተው ውሃው መውጣት አለበት። ወደ ላይ የተቀጠለ የአየር መሳቢያ ቱቦ ያላቸው መኪኖች ከዚህ አደጋ ይድናሉ፤ ከመንሳፈፍ ግን አያድናቸውም። ይህን ቱቦ አስገጥመው ከወንዝ ጋር የሚፎካከሩ ሾፌሮች አሉ። ቱቦው መልካም ነው፣ ፉክክሩ ይቅር።

ውሃው ረግቶ፣ ሥሩ ጠጠር መሆኑ በዱላ ተፈትሾ፣ ጥልቀቱ ከጎማው መሐል ካላለፈ መሻገር ይቻላል። በእግር ተሻግሮ መፈተሽ ያላስቻለ ውሃ ለመኪናም አይሆንም። የፊት ጎማው መቆለፊያ በእጅ የሚዞር ከሆነ ደረቅ መሬት ላይ ሳሉ ይቆለፋል። ከሩቅ መንገድ የመጣች መኪና ጥቂት ደቂቃ ዳር ቆማ ትቀዝቅዝ። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው ወይም ባረጀው የዘይት መያዣ ጎማ በኩል ውሃ ይስባል። ከዚያ በከባዱ ፎር ዊል፣ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ ሰው በሚራመድበት ፍጥነት ይገባል። በሩጫ የገባ መኪና ውሃውን ኮፈኑ ላይ ያወጣዋል፤ ቬንትሌተሩም ውሃ ሲመታ ታጥፎ ራዲያተሩን ሊበሳ ይችላል። መሐል ላይ ማርሽ አይቀየርም፣ ፍሪሲዮን አይረገጥም፣ ነዳጅ አይነሣም። ከወጡ በኋላ ፍሬኑን እየነኩ ጥቂት መሄድ ያስፈልጋል፤ የራሰ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሾፌሩን ይከዳዋል። ማታ ደግሞ የዲፈረንሻልና የካምቢዮ ዘይት ይታያል። ማኪያቶ መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቷልና ሳይውል ሳያድር ይቀየር። ይህ ወጪ ሲዘገይ ጥርስ ይበላል፤ ሂሳብ ሹሞች ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

ስለ ጭቃ ለገበሬ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ዋልካ አፈር በአገሪቱ 12 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍናል። በግንቦት ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ የጠጠረው ሐምሌ ላይ አብጦ ይጣበቃል። ገበሬው ውሃውን ለማጠንፈፍ ሰፋፊ መደብ የሚያወጣለት አፈር ነው። ሾፌሩ ግን ያንኑ አፈር በኃይል ሊያልፈው ይሞክራል። ዋልካ የጎማውን ጥርስ ከሞላው በኋላ አዲስ ጎማም ቢሆን እንደ ተላጨ ጎማ ይንሸራተታል። ነዳጅ በተጨመረ ቁጥር ጎማው ባለበት እየዞረ ራሱን ይቀብራል። ገና መስመጥ ሲጀምር ማቆም፣ ከጎማው ፊት መቆፈርና በቀስታ መውጣት ይሻላል። ጭነት ከሌለ የጎማውን ንፋስ እስከ አንድ ሦስተኛ መቀነስ ይረዳል፤ ፓምፕ ሳይያዝ ግን አይሞከርም፣ ጠንካራ መንገድ ላይ እንደ ወጡም ይሞላል።

እዚህ ላይ ሁለት ቅሬታዎች መነሣት አለባቸው። አንደኛው፣ መኪና በያዘው ቁጥር ገበሬው ከክምሩ ጭድ አምጥቶ ከጎማው ሥር ይነሰንሳል። ጭዱ የከብቱ የክረምት ቀለብ ነው። ሁለት ጣውላ፣ አካፋና ዶማ ከመኪናዋ ጋር ቢኖሩ ይህ አይደርስም። ሁለተኛው፣ መንገዱ ሲበላሽ ሾፌሮች ወደ ጎን እየወጡ ማሳ ይረግጣሉ። እርጥብ ዋልካ ላይ ያለፈ ጎማ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፤ በዚያ ፈለግ ላይ ጤፉ ቀጭጮ የሚቀረው ለዚህ ነው። ስትጎተት ደግሞ ገመዱ ከሻንሲው እንጂ ከመከላከያው አይታሰር። ልጆችም ከገመዱ ይራቁ፤ የተበጠሰ ገመድ ሰው ይገድላል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመለስ፣ ከላይ የተነገረው ሾፌር ቁልፉን ኪሱ የከተተው በራሱ ድፍረት ነው። ቢገባ ኖሮ የሚጠይቀው አልነበረም፤ ባለመግባቱ ግን «ግብዓት አዘገየ» ተብሎ ሊጠየቅ ይችል ነበር። በብዙ ቦታ የመኪና መውጫ ቅጹ ላይ የወጣበት ሰዓት፣ የተመለሰበት ሰዓትና የጫነው ብዛት ይሞላል። «ውሃ ሞልቶ ተመለሰ» የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም። ወንዝ ዳር ያደረ ሾፌርም ለዚያች ሌሊት ውሎ አበል ለማግኘት ይከራከራል። እንግዲህ ሾፌሩ ላይ የሚጣለው ጫና የሚጀምረው ከወንዙ ሳይሆን ከቢሮ ነው።

መፍትሔው ከዚህ ጉባኤ አቅም በላይ አይደለም። ኤን.ፒ.ኤስ.፣ ዩሪያና ምርጥ ዘር ወንዝ ማዶ ወዳሉት ማኅበራት መጋዘን እስከ ግንቦት አጋማሽ ቢገባ፣ በሐምሌ ፒክአፗን ወደ ወንዝ የሚወስድ ጉዳይ በጣም ይቀንሳል። ዩሪያ ውሃ ሲነካው የሚሟሟ በመሆኑ ለግብዓቱም የሚሻለው ይኸው ነው። ግብዓቱ ዘግይቶ ከመጣ ደግሞ ወንዙ ሲጎድል በአህያ ይሻገር፤ ከደጋ የሚወርድ ትንሽ ጅረት ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። «አልገባም» የማለት ሥልጣን የሾፌሩ መሆኑ በመኪና አጠቃቀም መመሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ አብሮት የተቀመጠው ኃላፊ ማንም ይሁን ማን ይህን መሻር አይችልም ይባል። ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ዳር ላይ ያደረባት ሌሊትም ያለ ክርክር በውሎ አበል ትታሰብለት። ቅጹ የሚታተመው ለቀጣዩ በጀት ዓመት ስለሆነ ውሳኔው ከሰኔ በፊት መድረስ ይኖርበታል።