የካዝናው ቁልፍና የዕለቱ ሥራ

ኮምፒዩተርን ያለ አስተዳዳሪ ሥልጣን ስለ መጠቀም ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



በሒሳብ ሙያ ገና ከጅምሩ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ፣ ገንዘብ የሚይዝ ሰው ሒሳቡን አይመዘግብም፤ ሒሳቡን የሚመዘግብም ሰው የካዝናውን ቁልፍ አይዝም የሚለው ነው። ዕቃ እንዲገዛ የሚያዘው አንዱ፣ በሞዴል 19 የሚረከበው ሌላው፣ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ሦስተኛው ሰው ሊሆን ይገባል። ይህ ደንብ የወጣው ሠራተኛውን ሁሉ በሌብነት ለመጠርጠር አይደለም። አንድ ሰው ከሥራው በላይ የሆነ ሥልጣን ሲይዝ፣ የራሱ ስሕተትም ሆነ ሌላው በስሙ የሚፈጽመው ተንኮል የሚያደርሰው ጉዳት እንዲሁ ከሥራው በላይ ስለሚሆን ነው። ከዚህም ሌላ፣ ጉድለት በተገኘ ጊዜ ቁልፉን ያልያዘው ሰው ንጽሕናውን ለማስረዳት አይቸገርም።

የሒሳቡ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ከተዛወረ ወዲህ ግን ይህ የተከበረ ደንብ በብዙ ቢሮዎች ከደጅ ቀርቷል። ገንዘብ ያዡን ከሒሳብ መዝገቡ በጥንቃቄ የሚለየው ኃላፊ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ በየቀኑ የምትሠራበት ኮምፒዩተር በምን ዓይነት ሥልጣን እንደሚከፈት አይጠይቅም። ኮምፒዩተሩን የሸጠው ወይም ፕሮግራሙን የጫነው ባለሙያ አንድ የተጠቃሚ ስም ከፍቶ ይሄዳል፤ ያም ስም የአስተዳዳሪ ሥልጣን የተሰጠው ነው። ከዚያ በኋላ ሒሳቡም፣ ደብዳቤውም፣ ኢሜይሉም፣ ከውጭ የመጣው ፍላሽም በዚያው ስም ይከፈታል። የካዝናው ቁልፍ ቀኑን ሙሉ በጠረጴዛ ላይ ይውላል ማለት ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ «አስተዳዳሪ» የሚባለው ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም፣ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ተጠቃሚዎቹን በደረጃ ይለያቸዋል። ተራው ተጠቃሚ ሒሳብ ይመዘግባል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ኢሜይል ይልካል፤ የገዛ ራሱን ፋይሎችም እንደ ፈቀደ ያደርጋል። አስተዳዳሪው ግን ከዚህ አልፎ ለመላው ኮምፒዩተር አዲስ ፕሮግራም ይጭናል፣ የሌሎቹን ተጠቃሚዎች ፋይል መክፈት ይችላል፣ የጸረ ቫይረሱን ጥበቃ ያቆማል፤ ማን መቼ እንደ ገባና ምን እንደ ሠራ የሚያሳየውን የኮምፒዩተሩን መዝገብ ሳይቀር ሊደመስስ ይችላል።

ከዚህ ጋር በጥብቅ ሊስተዋል የሚገባው አንድ ነገር አለ። በመሠረቱ አንድ ፕሮግራም የሚሠራው በከፈተው ሰው ሥልጣን ነው። ተራ ተጠቃሚ የከፈተው ፕሮግራም ተራ ሥልጣን ይኖረዋል፤ አስተዳዳሪ በሙሉ ሥልጣኑ የከፈተው ደግሞ የአስተዳዳሪውን ሥልጣን ሁሉ ይወርሳል። እንግዲህ ደረሰኝ መስሎ በኢሜይል የመጣ ፋይል በውስጡ ተንኮል ቢሸሽግ፣ ያ ተንኮል የሚሠራው በላኪው ሳይሆን በከፋቹ ሥልጣን ነው። ጥያቄው «ሠራተኛው ይታመናል ወይ?» የሚል አይደለም። ሠራተኛው ቢታመን እንኳ፣ በስሙ የሚሠራው ፕሮግራም ሁሉ ይታመናል ወይ? ነው።

ይህ አስተሳሰብ የዛሬ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ጄሮም ሳልዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ የኮምፒዩተር ሊቃውንት በኮምፒዩተር ውስጥ ስላለ መረጃ ጥበቃ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ማንኛውም ፕሮግራምና ማንኛውም ተጠቃሚ ሥራውን ለመፈጸም የሚያስፈልገውን ያህል ሥልጣን ብቻ ይዞ መሥራት እንዳለበት አስረድተዋል። በዚያው ጽሑፍ፣ ሁለት ቁልፍ የሚያስፈልገው መዝጊያ አንድ ቁልፍ ብቻ ከሚበቃው እንደሚሻል ሲገልጹ ለምሳሌ ያነሡት በባንክ የሚገኘውን የአደራ ሣጥን ነበር። የሒሳብ ሰዎች ከጥንት የሚያውቁት ጥበብ ለኮምፒዩተር ሰዎችም መምህር ሆኗል ለማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተጀመረው ዩኒክስም «ሩት» የሚባለውን ሁሉን የሚችል ተጠቃሚ ከሌሎቹ ለይቶ አስቀምጧል። ተራው ተጠቃሚ የይለፍ ቃሉን ለመለወጥ ሲፈልግ የይለፍ ቃል መዝገቡን ራሱ አይነካም፤ ለዚያ ሥራ ብቻ ከፍ ያለ ሥልጣን የተሰጠው አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይለውጥለታል። ይህን ብልሃት ያስገኘው ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ዴኒስ ሪቺ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱም እ.ኤ.አ. በ1979 ተመዝግቧል። የባንክ ደንበኛ ገንዘቡን ለማውጣት ወደ ካዝናው እንደማይገባና በመስኮቱ በኩል እንደሚስተናገድ ሁሉ፣ እዚህም ላይ ሥርዓቱ ይኸው ነው።

በየቢሮው የተስፋፋው ዊንዶውስ ግን በሌላ መንገድ የተጓዘ ነው። ዊንዶውስ 95ና 98 ተጠቃሚዎችን በሥልጣን ደረጃ የማይለዩ ስለ ነበሩ፣ ኮምፒዩተሩን የከፈተ ሁሉ የፈለገውን ማድረግ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ተጠቃሚዎችን በደረጃ መለየት ቢችልም፣ ሲጫን የሚከፈቱት ስሞች የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይዘው ይከፈቱ ነበር። የፕሮግራም ደራሲዎችም ይህን ስለ ለመዱ፣ ፕሮግራሞቻቸው መዝገባቸውን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በተከለለ ቦታ ሳይቀር ይጽፉ ነበር። ከዚያ ዘመን የቀሩ የሒሳብ ፕሮግራሞች «ያለ አስተዳዳሪ አልሠራም» የሚሉበት ምክንያት ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ነገሩን ለማረም ሞከረ። አስተዳዳሪ ሆኖ የገባ ሰው እንኳ የዕለት ሥራውን በተራ ሥልጣን እንዲሠራ፣ ከፍ ያለ ሥልጣን ባስፈለገ ጊዜ ማያው ጠቆር ብሎ ፈቃዱን እንዲጠይቀው አደረገ። ጥያቄው ግን ስለ በዛ ብዙ ሰዎች ተማረሩ፤ ሌሎችም ሳያነቡ «አዎን» ማለትን ለመዱ። ሳያነቡ «አዎን» ማለት ደግሞ መጠኑ ባልተጻፈበት ቼክ ላይ ከመፈረም አይለይም። ለተራው ተጠቃሚ ግን ያው ጥያቄ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ቃሉን የማያውቅ ሰው በችኮላ ሊፈርም አይችልም። ስለሆነም ሁለቱን ስሞች ፈጽሞ መለየት ከጥያቄው ይልቅ አስተማማኝ ነው።

የሥልጣን መብዛት ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በሰኔ 27 ቀን 2017 የደረሰው ጥፋት ያሳያል፤ ለሒሳብ ሰዎችም በተለይ ሊታወስ የሚገባው ነው። በዩክሬን ብዙ ድርጅቶች ለግብር ሥራ የሚጠቀሙበት ኤም ኢ ዶክ የተባለ የሒሳብ ፕሮግራም ነበር። አጥቂዎቹ የፕሮግራሙን ማሻሻያ መላኪያ መንገድ ሰብረው፣ በኋላ ኖትፔትያ የተባለውን አጥፊ ፕሮግራም በዚያ በኩል አሰራጩ። የሒሳብ ሠራተኞቹ ያደረጉት ስሕተት አልነበረም፤ የሚያምኑት ፕሮግራም እንደ ወትሮው ታደሰላቸው እንጂ።

ኖትፔትያ አንድ ኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ገባ በመጀመሪያ የሚመረምረው ምን ያህል ሥልጣን እንዳገኘ ነበር። የአስተዳዳሪ ሥልጣን ካገኘ፣ በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ውስጥ ያሉትን የሌሎች ተጠቃሚዎች ስሞችና የይለፍ ቃሎች ይሰርቃል፤ በእነዚያም እየተጠቀመ በኔትዎርኩ ወደ ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች እንደ ሕጋዊ ባለሥልጣን ይገባል፤ በመጨረሻም ኮምፒዩተሩ የሚነሣበትን የዲስክ ክፍል ያበላሻል። ከተሰረቁት ስሞች አንዱ የመላው ድርጅት አስተዳዳሪ ከሆነ የሚያቆመው አልነበረም። ማርስክ የተባለው የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ኪሳራ ደረሰበት፤ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒዩተሮችን በ10 ቀናት ውስጥ እንደ አዲስ መጫኑን ሊቀ መንበሩ በኋላ ገልጸዋል። የድርጅቱ የተጠቃሚዎች ማውጫ ሳይበላሽ የተገኘው በጋና በሚገኝ አንድ ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ እርሱም የተረፈው በዚያች ሰዓት መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ ነው። መብራት ስለ ጠፋ መትረፍ ዕድል እንጂ ጥበቃ አይደለም።

በእርግጥ የአስተዳዳሪ ሥልጣን አለመያዝ ለሁሉ ነገር መድኃኒት ነው ቢባል ውሸት ይሆናል። ኖትፔትያ ራሱ በዊንዶውስ ውስጥ የነበረን ጉድለት እንደ ሁለተኛ መንገድ ይጠቀም ነበር፤ ለዚህ ፍቱን የሆነው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 የወጣውን ማሻሻያ በጊዜው መጫን ነበር። እንደዚሁም ተራው ተጠቃሚ ሊጽፍበት የሚችለውን ፋይል፣ በስሙ የገባ ተንኮለኛ ፕሮግራምም ሊያጠፋው ወይም ቆልፎ ገንዘብ ሊጠይቅበት ይችላል። ስለዚህ የሒሳቡ ቅጂ በየጊዜው ተወስዶ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ በሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት። ሥልጣንን መቀነስ የሚጠቅመው እሳቱ ከአንድ ክፍል ወደ መላው ቤት እንዳይዛመት ነው።

ወደ ተግባሩ ሲመጣ ሥራው የሚከብድ አይደለም። በመጀመሪያ በኮምፒዩተሩ ላይ አንድ አዲስ የአስተዳዳሪ ስም ይከፈታል፣ ጠንካራ የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፣ በዚያም ስም ገብቶ መሥራቱ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ ብቻ የዕለት ሥራ የሚሠራበት ስም ወደ ተራ ተጠቃሚነት ይለወጣል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ቁልፉን በካዝናው ውስጥ ትቶ በሩን የዘጋ ያህል ይቸገራል። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በፖስታ ታሽጎ በኃላፊው ካዝና ቢቀመጥና ሲከፈት ቢፈረምበት መልካም ነው። ኮምፒዩተሮቹ ብዙ ከሆኑ ለሁሉም አንድ ዓይነት የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል መስጠት አይገባም፤ አንዱ ሲሰበር ሁሉም ይሰበራሉና።

«ያለ አስተዳዳሪ አልሠራም» ለሚለው አሮጌ ፕሮግራም መልሱ ለሠራተኛው ሙሉ ሥልጣን መስጠት አይደለም። ፕሮግራሙ መዝገቡን የሚጽፍበትን ፎልደር ፈልጎ፣ በዚያ ፎልደር ላይ ብቻ ለሚሠሩት ሰዎች የመጻፍ ፈቃድ መስጠት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ፕሮግራሙ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ መዝገቡን ከተከለለው ቦታ አውጥቶ በሌላ ፎልደር ማኖር የበለጠ ይሻላል። ይህ ካልተደረገ አንድ አሳሳች ነገር ሊከተል ይችላል። ከቪስታ ወዲህ ዊንዶውስ፣ አሮጌው ፕሮግራም በተከለለ ቦታ ሊጽፍ ሲሞክር ጽሑፉን ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ለብቻው በተዘጋጀ ስውር ፎልደር ያኖርለታል። በዚህም የተነሣ በአንድ ኮምፒዩተር፣ በአንድ ፕሮግራም የሚሠሩ ሁለት ሠራተኞች የተለያየ ሒሳብ ሊያዩ ይችላሉ። ሚዛኑ እንቢ ያለው ኦዲተር ይህንንም መመርመር ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ጠባይ ነው። ኃላፊው የአስተዳዳሪ ሥልጣን ሲነሣበት ክብሩ የተቀነሰ ይመስለዋል፤ ሠራተኛዋም ያልታመነች ይመስላታል። ይሁን እንጂ አንድ ሥራ አስኪያጅ የካዝናውን ቁልፍ ስላልያዘ ከሥራ አስኪያጅነቱ ዝቅ አይልም። በኪስ የሚያዘው ስልክ እንኳ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የተለየ መለያ ተሰጥቶት፣ የሌላውን ፋይል እንዳይነካ ተከልሎ ይሠራል፤ ባለቤቱም በተለመደው አሠራር ሁሉን የሚችል «ሩት» አይደለም። ይህን ስልክ ገዝቶ ክብሬ ተነካ ያለ ሰው አልተሰማም።

በመጨረሻ ሊታሰብ የሚገባው የሠራተኛዋ ጉዳይ ነው። ከመዝገቡ ላይ አንድ ደረሰኝ ቢጠፋ፣ ሁሉም በአንድ ስምና በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚገባበት ቢሮ፣ ማን እንደ ሰረዘው የሚያስረዳ ነገር የለም፤ የኮምፒዩተሩ መዝገብ ቢኖርም ሁሉም ሊደመስሰው ይችል ስለ ነበር ለማንም ምስክር አይሆንም። ጥርጣሬው የሚያርፈው በአቅራቢያ በተቀመጠችው ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም፣ በሥራው ልክ በተሰጠው ሥልጣን ሲገባ ግን፣ ያልሠራውን አልሠራሁም ለማለት መዝገቡ ይመሰክርለታል። ሥልጣኗ የተወሰነ ሠራተኛ የተጠበቀች ሠራተኛ ናት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ከጥፋቱ በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ የጠፋውን ሒሳብ አይመልስም። የዚህ ማኅበር አባል ነገ ጧት ወደ ቢሮው ሲገባ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ አጭር ነው፤ ይህ ኮምፒዩተር በማን ስም፣ በምን ሥልጣን ተከፈተ? ካዝናውን ክፍት ትቶ ወደ ምሳ የማይሄድ ባለሙያ፣ ይህንንም ክፍት ትቶ ሥራውን አይጀምርም።