በቤት ውስጥ ስለምናነደው እሳትና ስለ ጥንቃቄው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ፥ ከእኛ አንዳንዶቹ ስለ ሥልጣኔ፥ ሌሎቹም ስለ ሀገር ፍቅር ይሁን ብለው ነበር። እነዚህ ታላላቅ ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን በየዓመቱ ብዙ ተናጋሪ ያገኛሉ። ስለዚህ ክረምት በገባ ቁጥር በየቤታችን ስለሚነደው ነገር፥ ማለት ስለ ከሰል ማንደጃ፥ ስለ ላምባ ምድጃ፥ ስለ ኤሌክትሪክ ምድጃና ስለ ምጣድ ለመናገር መረጥን።

እሳት እንዲነሣ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ እነርሱም የሚነድ ነገር፥ አየርና ሙቀት ናቸው። ከሦስቱ አንዱን ያስቀረ ሰው እሳቱን አስቀረ። አየርን ከቤት ማስወጣት ስለማይቻል፥ የእኛ ሥራ የሚነደውን ነገር ከሙቀቱ ማራቅ ነው። በክረምት ግን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። የረጠበውን የትምህርት ቤት ልብስ በማንደጃው ላይ እንሰቅላለን፤ ለቡና የተጎዘጎዘው ቄጤማ በማግሥቱ ደርቆ ገለባ ሲሆን ማንደጃውን እዚያው ላይ መልሰን እናስቀምጣለን። ልብስ፥ መጋረጃና አልጋ ከማንኛውም ማሞቂያ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ።

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ እንለፍ፤ ብዙ የምንናገረው በዚህ ላይ ነው። የቤታችን ኃይል 220 ቮልት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት የሚወስድ ቢሆን፥ ይህን ለ220 ብናካፍለው 16 አምፔር ያህል ይወጣል። በገበያ የሚሸጡት ብዙዎቹ ቀጫጭን የማከፋፈያ ገመዶች ግን 10 አምፔር እንኳ በደኅና አይሸከሙም። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፥ በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ምጣድና ምድጃ አብሮ መሰካት፥ ሽቦውን ራሱን ምድጃ ማድረግ ነው። ገመዱን በእጅ ሲነኩት ቢሞቅ፥ ወይም ሶኬቱ ቢጠቁር፥ ያ ምልክት ነው። ፊውዝ ሲቃጠል በእርሱ ፋንታ ተራ ሽቦ የሚጠመዝዝ ሰውም አለ፤ ይህ ሰው ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት የተወ ይመስለናል። በብዙ የጭቃ ቤቶች ደግሞ ሽቦው የሚያልፈው ከአቡጀዲ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት በተሠራው ኮርኒስ በላይ ነው፤ እዚያም አይጥ የሽቦውን ልባስ ቢበላው ማን ያየዋል?

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የሚያሳስበን የመብራት መጥፋትና መመለስ ነው። ባለፈው ክረምት ከጓደኞቻችን የአንዱ ጎረቤት ቤት የተቃጠለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሽሮ ተጥዶ ሳለ መብራት ጠፋ። የቤቱ እመቤት ወደ ለቅሶ ሄዱ፤ ሠራተኛይቱም ድስቱን አውርዳ፥ የያዘችበትን ጨርቅ በቀዘቀዘው ምድጃ ላይ ጥላ ወደ ወፍጮ ቤት ወጣች። መብራት በተመለሰ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ በአፈርና በውሃ ተረባርቦ እሳቱ ወደ ሁለተኛው ቤት እንዳይሻገር አደረገ፤ የውስጡ ዕቃና የልጆቹ መጻሕፍት ግን አልተረፉም።

የሰፈሩ ሰው ጥፋቱን በሠራተኛይቱ ላይ አደረገ፤ እርስዋም ደመወዝዋን ሳትቀበል ተሰናበተች። እኛ በዚህ ፍርድ አልተስማማንም። ልጅቱ በእኛ ዕድሜ ያለች፥ ከገጠር ከመጣች ጥቂት ወራት የሆናት ናት። ያደገችበት እሳት በሦስት ጉልቻ መካከል የሚታይ፥ ሲጠፋም አመድ የሚሆን እሳት ነው። ይህኛው ግን ጠፍቶ ሳለ ያልጠፋ እሳት ነው፤ ማጥፊያውን አዙሮ ያሳያት ሰውም አልነበረም። ወላጆቻችን እንዳይቀየሙን እንለምናለን፤ ነገር ግን ለሠራተኛ ወጥ አሠራር የምታስተምር እመቤት፥ ስለ ማብሪያና ማጥፊያው ያህል አንድ ሰዓት ብትሰጥ ምን ይከብዳታል? እኛም ፊዚክስ የተማርን ልጆች በዚያው ቤት ውስጥ እየኖርን ዝም ማለታችን አያስመሰግንም። መብራት ሲጠፋ ምድጃውንም ምጣዱንም ካውያውንም ማጥፋትና ከሶኬት መንቀል ያስፈልጋል። መብራቱ መመለሱን ለማወቅ አንድ አምፑል ብቻ በርቶ ቢቀር ይበቃል።

የላምባ ምድጃ እየነደደ ሳለ ላምባ አይጨመርበትም፤ ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባም ከቤት አይግባ። ላምባ ተኑ እንዲቀጣጠል አስቀድሞ መሞቅ ይፈልጋል፤ የቤንዚን ተን ግን ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ እንኳ ይቀጣጠላል።

ከሰል ቤት ሳያቃጥል የሚገድልበት መንገድም አለው። ብዙ ሰው ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላ ከሰሉ ደኅና ሆነ ብሎ ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል። ነገር ግን ከቀላው ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መድከም ከተሰማ ወዲያው ወደ ደጅ መውጣት ነው። በር ዘግቶ ከከሰል ጋር የሚተኛ ሰው ግን ይህን ምልክት የሚሰማበት ጊዜ ላያገኝ ይችላል።

እሳት ከተነሣ ምን ይደረጋል? በመጥበሻ ላይ ዘይት ቢቀጣጠል ውሃ አይደፋበትም። አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 ሊትር ያህል ስለሚሆን፥ የሚነደውን ዘይት ይዞ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ምድጃውን ማጥፋትና ክዳን ወይም አክንባሎ መድፋት ይበቃል፤ እስኪቀዘቅዝም አይከፈትም። በኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ የተነሣ እሳት ቢሆን፥ አስቀድሞ ከቆጣሪው ኃይሉን ማቋረጥ ነው። ልብሱ የተያያዘበት ሰው አይሩጥ፤ ሩጫ አየር ይጨምርለታልና። መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል፥ ወይም በጋቢ ይጠቅለል።

በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ መከላከያ ስልክ 939 ነው። ሰፈሮቻችን ጠባብ መንገድ ያላቸው ስለ ሆኑ፥ አንዱ ሲደውል ሌላው ወደ አስፋልቱ ወጥቶ መኪናውን ይጠብቅ፤ ደዋዩም የሚታወቅ ምልክት፥ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ይጥራ።

በቃጠሎ ላይ ቅቤ፥ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ልማድ ሆኖብናል። የተቃጠለው አካል የሚፈልገው ቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ ነው፤ ያውም ለ20 ደቂቃ። ከዚያ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።