ኮምፒውተሩ ሞተ ከማለታችን በፊት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተፈቀደልኝ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር አይደለም፤ በቢሯችን ስላለው ኮምፒውተር፣ ይልቁንም ፓወር ሰፕላይ ስለሚባለው የውስጥ ዕቃው ነው። ይህ ለእድር ምኑ ነው የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው። የአባላት ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ መዋጮ የከፈለና ያልከፈለ ሁሉ ዛሬ የሚመዘገበው በእሱ ነው። ሰው ሌሊት ቢያርፍ፣ ጠዋት ለሐዘንተኛ የሚገባውን ገንዘብ ለመስጠት መዝገቡ መታየት አለበት። ሞት እንደሆነ ቀጠሮ አይሰጥም።

እኔ ዕድሜዬን በጽሕፈት ሥራ የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ሆኖም ባለፈው ክረምት ዕቃው በተበላሸብን ጊዜ ከጠጋኙ ጎን ቁጭ ብዬ ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ለእናንተ ማካፈል ግዴታዬ ነው።

በመጀመሪያ ሥራው ምንድን ነው? ከግድግዳው የሚመጣው መብራት 220 ቮልት ነው። የኮምፒውተሩ የውስጥ ዕቃዎች ግን የሚፈልጉት 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላይ በጆንያ የመጣውን እህል በጣሳ እየሰፈረ እንደሚያድል ሰው ነው። ሰፋሪው ከታመመ ቤተሰቡ ሁሉ ጾሙን ያድራል።

ሲታመም ምልክቱ ይህ ነው፤ ማብሪያውን ብትጫኑ መብራት የለም፣ ማራገቢያውም አይዞርም፤ ወይም ጀመር አድርጎ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ወዲያው አንደንግጥ። እስቲ አስቀድመን ሶኬቱ መብራት እንዳለው በሌላ ዕቃ እንፈትን። ገመዱንና ዲቫይደሩንም ለውጠን እንይ። በአሮጌዎቹ ላይ ከኋላ 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አለ፤ በአገራችን 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ይቃጠላል። በአንዳንድ የዴል ኮምፒውተሮች ደግሞ ከኋላ ትንሽ መፈተኛ ቁልፍና አረንጓዴ መብራት አለ። ቁልፉ ሲጫን መብራቱ ከበራ ሰፋሪው ደኅና ነው፤ ካልበራ ጥርጣሬው በእሱ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኢንቴል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የሚባል የጋራ መለኪያ አወጣ። በዚህ መሠረት የተሠራ ፓወር ሰፕላይ የአንዱ ለሌላው ይሆናል። ስም ያላቸው ድርጅቶች ግን ሁልጊዜ በዚህ አይሄዱም። ዴል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሠራቸው ኮምፒውተሮች መሰኪያው በመልኩ ያው ሆኖ የሽቦው አሰላለፍ ሌላ ነበር፤ ተራውን አምጥቶ የሰካ ሰው ማዘርቦርዱን ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በወጡት አንዳንድ ኦፕቲፕሌክሶች ላይ ደግሞ በ24 ቀዳዳ ፈንታ 8 ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ገበያ ስትሄዱ በቃል አትናገሩ፤ አሮጌውን ተሸክማችሁ ሂዱ። በላዩ ላይ የተለጠፈውን የዕቃ ቁጥር፣ መሰኪያውን፣ ቁመትና ስፋቱን፣ የብሎን ቀዳዳውን አመሳክሩ። ዋቱ ቢበልጥ ግድ የለም፤ ኮምፒውተሩ የሚወስደው የሚበቃውን ያህል ነው። ማነስ ግን የለበትም።

አቀያየሩ ከባድ አይደለም። ገመዱን ከግድግዳ መንቀል፤ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረውን ኃይል ማስወጣት፤ የሣጥኑን ብረት ነክቶ የሰውነትን ኤሌክትሪክ ማብረድ፤ የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ማንሳት። ከዚያ ትልቁን መሰኪያ፣ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሄደውን ትንሹን፣ የሃርድ ዲስኩንም መንቀል። መሰኪያዎቹ መቆለፊያ ስላላቸው እሱን ጫን አድርጎ መሳብ እንጂ ሽቦውን መጎተት አይገባም። ከኋላ ያሉትን ብሎኖች በካቻቪት ፈትቶ አውጥቶ አዲሱን በቦታው መመለስ። መሰኪያ አልገባም ካለ በግድ አይገፋም፤ ወይ ዞሯል፣ ወይ የእሱ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራሱን ማንም እንዳይከፍት። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ተከማችቶ ሊቆይ ይችላል። እድራችን ለቀብር የቆመ ቢሆንም እንዲህ ያለውን ቀብር አንሻም።

ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዳንዶች መዝገቡ ጠፋ፣ የድንኳን መግዣው ገንዘብ ለአዲስ ኮምፒውተር ይዋል ብለው ነበር። አሳባቸው ለእድሩ በመቆርቆር ስለሆነ አልነቅፈውም። ይሁን እንጂ መዝገቡ የተቀመጠው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው፤ መብራት ቢቋረጥ ጽሑፉ አይጠፋም። ዕቃው ሲቀየር ሁሉም እንዳለ ተገኘ፤ የድንኳኑም ገንዘብ አልተነካም።

ሆኖም በዚያው ሳምንት ለቅሶ ደረሰብን። ጸሐፊያችን በየወሩ የሚያትሙት ወረቀት ባይኖር ኖሮ፣ የሟች ባለቤት ከፍላለች አልከፈለችም እያልን በሐዘኗ ላይ ሐዘን በጨመርንባት ነበር። የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ አንዳንዴ ሌላውንም ዕቃ ይዞ ሊሄድ ይችላልና በማሽን ብቻ መተማመን አይገባም።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሦስት አሳብ ነው። አንደኛ፣ በየወሩ መጨረሻ መዝገቡ በወረቀት ይታተም፤ በፍላሽም ተገልብጦ በገንዘብ ያዣችን ቤት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ስታብላይዘር ይገዛ፤ መብራት ሲጠፋም ገመዱ ይነቀል፣ ተመልሶ ሲረጋ ይሰካ። ሦስተኛ፣ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ በየሦስት ወሩ ከአቧራ ይጸዳ፤ አቧራ አየር ሲዘጋበት ዕቃው ግሎ ዕድሜው ያጥራል። ለዚህ ለጽዳቱ እኔ ራሴ ያለ ክፍያ ፈቃደኛ ነኝ።

ድስታችንን አጥበን፣ ድንኳናችንን አጣጥፈን እንደምናስቀምጥ ሁሉ ይህም የእድሩ ንብረት ነው።