የአቃቂ ቃሊቲ ጭጋግና የብርሃን መለኪያ



በበጋ ማለዳ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ቃሊቲን ሲያልፍ የየረር ተራራ በነጣ መጋረጃ ተሸፍኖ ያገኘዋል። ነገሩ ጉም ነው ተብሎ ይታለፋል። ጉም ግን ውሃ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይተናል። በዚህ መጋረጃ ውስጥ የማገዶ ጢስ፣ የከባድ መኪና ጥላሸት፣ የፋብሪካ ጢስና የመንገድ አቧራ ተቀላቅለው ይኖራሉ። ከሁሉ የከፋው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠው ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ከጠጉር ውፍረት 30 እጅ ያህል ስለሚያንስ አፍንጫና ጉሮሮ ሳይገቱት እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የዚህን ብናኝ ዓመታዊ ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ወደ 5 ማይክሮ ግራም ዝቅ ያደረገው ስለዚህ ነው።

የአቃቂ ችግር ከመልክዐ ምድሩም ይመነጫል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚደርሰው እንጦጦ እስከ አቃቂ ሜዳ ድረስ ምድሩ ቁልቁል ይወርዳል። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት የቀዘቀዘ አየር እንደ ውሃ ዝቅተኛውን ስፍራ ይፈልጋል፤ በላዩም ሞቅ ያለ አየር ሲተኛበት እንደ ድስት ክዳን ይሆናል። እንጀራ የሚጋገረውና ተረኛው ሠራተኛ ጉዞ የሚጀምረው ክዳኑ ሳይነሣ ነው።

ጢሱ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነዋሪው ፋብሪካውን፣ ፋብሪካው የጭነት መኪናውን፣ ባለ መኪናው ደግሞ ከበረሃ የሚመጣውን አቧራ ይጠቁማል። ክርክሩን የሚዳኝ ልኬት ግን አልነበረም። የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከላቸው ሁለት መለኪያዎች ከአቃቂ የራቁ ነበሩ፤ የውጤታቸውም ሥርጭት በ2025 ቆሟል።

ላይዳር የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1960 ከተሠራ ከሦስት ዓመት በኋላ ፊዮኮና ስመሊን የተባሉ ተመራማሪዎች ጨረሩን ለከባቢ አየር ጥናት አዋሉት። አሠራሩ የገደል ማሚቶን ይመስላል፤ መሣሪያው አጭር የብርሃን ምት ይልካል፣ ከብናኝ ተጋጭቶ የተመለሰውን ይቀበላል፣ የዘገየበትንም ጊዜ ይቈጥራል። በ4 ማይክሮ ሰከንድ የተመለሰ ብርሃን 600 ሜትር ላይ ካለ ብናኝ የመጣ ነው። ከዚህም ሌላ ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ ተደርጎ ቢላክ፣ ከድቡልቡል የጢስ ብናኝ ሲመለስ ይህን ጠባዩን ይጠብቃል፤ ከሻካራ አቧራ ሲመለስ ግን ይዛባል። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ የአቧራ ንብርብር ከላይ መተኛቱ ወይም ከሰፈሩ ጢስ ጋር መቀላቀሉ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ሁሉን አይዳኝም። የእንጨትን ጢስ ከናፍጣ ጥላሸት መለየት ብናኙን በማጣሪያ ሰብስቦ በቤተ ሙከራ የመመርመር ሥራ ነው። ላይዳር ብርሃንን እንጂ ክብደትን አይመዝንም፤ በክረምት እርጥበት ያበጠ ብናኝ ብዙ መስሎ ይታየዋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ወደ ላይ የቆመ ላይዳር ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች በደንብ አለማየቱ ነው። የአቃቂ የማለዳ ጢስ የሚተኛው እዚያው ነው! ውድ መሣሪያ ገዝቶ ወደ ሰማይ ብቻ ማቆም ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ስለዚህ አስቀድሞ በአቃቂ ሜዳ ላይ ብናኝን የሚመዝን መለኪያ ሊተከል ይገባል። ላይዳሩም ከጎኑ ሆኖ ጨረሩን አጋድሞ እንዲቃኝ፣ ኃይሉም የሰው ዓይን በማይጎዳ መጠን እንዲወሰን ያስፈልጋል። ሥራው ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋ ይጠይቃል፤ የየዕለቱም ልኬት ክዳኑ ከመነሣቱ በፊት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ መመዝገብ ይኖርበታል።