ስለ ቂጥኝ በሽታ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቂጥኝ ነው። እኔ ልጃችሁ የምሆን ነኝ፤ ይህን በእናንተ ፊት ማንሣት ያሳፍራል። ነገር ግን ኀፍረት የሸፈነው ቁስል ቤት ያፈርሳልና ታገሡኝ።

ቂጥኝ ከምን ይመጣል? አንዱ፣ ጨረቃ ፊት ለፊት ሽንት በመሽናት ነው ይላል። ሌላው፣ ትኩስ ድንጋይ ላይ በመቀመጥ ነው ይላል። ጨረቃዋም ድንጋዩም የሉበትም። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ፣ እንደ ተጠማዘዘ ክር የቀጠነ ተሕዋስ ነው። ሁለት የጀርመን ተመራማሪዎች በ1897 ዓ.ም. በአጉሊ መነጽር አይተውታል። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ የታመመው ሰው ቁስል የሌላውን ገላ ሲነካ ያልፋል። ከነፍሰ ጡር እናትም ወደ ፅንሱ ያልፋል። አብሮ በመብላት ወይም በአንድ በርጩማ በመቀመጥ ግን አይተላለፍም።

ተሕዋሱ በገባ በ3 ሳምንት ገደማ በብልት ላይ ወይም በአካባቢው ቁስል ይወጣል። ጠርዙ ጠንከር ያለ ነው፤ አያምም። ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። የማያም ቁስል ማን ይፈራል? በሴት ደግሞ በውስጥ በኩል ሊወጣ ስለሚችል እሷ ራሷ አታየውም። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ቁስሉ መድኃኒት ሳይነካው ይደርቃል። ቅጠል የለጠፈበት ሰው «ቅጠሉ አዳነኝ» ብሎ ለጎረቤቱ ይናገራል። ቅጠሉ ምንም አላደረገም። ሰርዶን ታውቁታላችሁ፤ ላዩን ቢያጭዱት ሥሩ መሬት ውስጥ ይሄዳል። ቂጥኝም እንዲሁ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ገላ ላይ ሽፍታ ይወጣል፤ መዳፍንና የውስጥ እግርን ሳይቀር ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜም አያሳክክም። በብልት ዙሪያ ኪንታሮት የሚመስል እርጥብ ነገር ሊወጣ ይችላል። ይኸም ይጠፋል። ከዚያ ዓመታት ዝም ይላል። ካልታከመ በአንዳንዱ ሰው ላይ ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ልብን፣ አንጎልን ወይም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።

እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የእናቶች ነገር ነው። ልጅ በሆዷ የሚሞትባትን ሴት «ሾተላይ ናት» ብለን እንፈርድባታለን፤ ትፈታለችም። ልጅ የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ቂጥኝ ግን አንዱ ነው። በሽታውንም ከገበያ ውሎ ወደ ቤት ያመጣው ባልየው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሴት ማርገዟን እንዳወቀች ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትመርመር። ጥቂት ደም ይበቃል። ቂጥኝ ተገኝቶባት በጊዜ ከታከመች ፅንሱም ይድናል።

መድኃኒቱ ፔኒሲሊን የሚባለው መርፌ ነው። ለቂጥኝ መዋል የጀመረው በ1935 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲሆን እስከ ዛሬ ይሠራል። በሽታው አዲስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን መወጋት ይበቃል፤ የቆየ ከሆነ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ለ3 ሳምንት ነው። ከገበያ ክኒን ገዝቶ መዋጥ ገንዘብ መጣል ነው። ቀድሞ ፔኒሲሊን ተወግቶ ገላው ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ከመወጋቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

ባልና ሚስት አብረው ይታከሙ። አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ በሽታው ተመልሶ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ደግሞ አይይዘውም ማለት አይደለም። «ማን አመጣው?» የሚለው ጠብ ከመርፌው በኋላ ይድረስ። ከትዳር ውጭ የሚሄድ ሰው ኮንዶም ይጠቀም፤ ነገር ግን ኮንዶም ያልሸፈነው ቦታ ላይ ቁስል ካለ በዚያ በኩል ሊያልፍ ይችላል። የቂጥኝ ቁስል ለኤች አይ ቪም በር ይከፍታል።

አንድ ነገር ቀረኝ። በተወጉ በመጀመሪያው ቀን ትኩሳትና ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል። «መርፌው መረዘኝ» ብላችሁ አትሽሹ፤ ተሕዋሱ ሲሞት የሚመጣ ነው፤ በማግሥቱ ይለቃል። ነፍሰ ጡር ከሆነችና ሆዷን ቁርጠት ከያዛት ግን ፈጥና ወደ ጤና ጣቢያው ትመለስ። ሁለቱም ከታከሙ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን፣ ቁስል ካለም እስኪድን ድረስ፣ መኝታ ይለዩ።