ሰርዶንና እንግጫን ከአትክልት ቦታ ስለ ማጥፋት

(ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ሁላችሁም ስለምታውቁት ጠላት ነው። በጓሮም ሆነ በመስኖ ዳር ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ጎመን የሚያለማ ሰው ከሰርዶና ከእንግጫ ጋራ ሳይታገል የከረመበት ዓመት ያለ አይመስለኝም። ሌላው አረም ከነሥሩ ከተነቀለ ይሞታል። እነዚህ ሁለቱ ግን ዛሬ ተነቅለው በሳምንቱ ተመልሰው ብቅ ይላሉ። አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል፤ ሰርዶው ግን ቃሏን የሰማ አይመስልም።

ችግሩ የእናንተ ብቻ አይደለም። የዓለምን ክፉ አረሞች መርምረው እ.ኤ.አ. በ1977 መጽሐፍ ያሳተሙ ሊቃውንት፣ ከሥሩ እንክብል የሚይዘውን እንግጫ አንደኛ፣ ሰርዶን ደግሞ ሁለተኛ አድርገው መድበዋቸዋል። ስለዚህ አትክልቱ በአረም የተዋጠበትን ጎረቤት ሰነፍ ነው ብሎ ከመናገር በፊት፣ ከምን ጋራ እንደ ተያያዘ ማወቅ ይገባል።

ከአትክልት ሁሉ ይልቅ በእነዚህ አረሞች የሚጎዳው ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት እድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ ቅጠሉም ቀጥ ብሎ የሚቆም ቀጭን ስለ ሆነ መሬቱን አያጠላም። ፀሐይ የሚወደው ሰርዶ በመካከሉ እንደ ልቡ ይንሰራፋል። በዚህ ምክንያት እናትና ልጆች በየሳምንቱ ጎንበስ ብለው ሲያርሙ ይከርማሉ፤ ሽንኩርቱም በመጨረሻ ጣት የምታህል ራስ ይዞ ይወጣል። ለዘርና ለማዳበሪያ የወጣው ገንዘብ የሰርዶ ቀለብ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ዶማ አንሡና ከመሬት በታች ያለውን እንመልከት። ሰርዶ በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው ከመሬት በላይ የሚሳበው ሐረግ ነው። ሁለተኛው ከመሬት በታች የሚጓዘው ነጭ፣ ወፍራምና ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ ግንድ ነው። ይህን ብዙ ሰው ሥር ይለዋል፤ ነገር ግን በየአንጓው እንቡጥ ያለበት ግንድ ነው። አብዛኛው ከላይ ባለው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይገኛል። አንድ አንጓ ያለው ቁራጭ እርጥበት ካገኘ ራሱን የቻለ አዲስ ሰርዶ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ክንድ የሚያህለውን ግንድ በዶማ አሥር ቦታ ቆርጣችሁ እርጥብ አፈር ውስጥ ብትተዉት ምን እንደምታተርፉ አስቡት።

በክረምት ወይም ውኃ በጠጣ መሬት ላይ ሰርዶን ማረስና መኮትኮት የሚጎዳውም ስለዚህ ነው። ማረሻው ቁራጩን እየጎተተ ከመደብ ወደ መደብ ያደርሳል፤ ዝናቡም ያጸድቀዋል። ሥራው ብዙ ድካም ያለበት ስለ ሆነ የሠራን ይመስለናል፤ እንዲያውም የተከልነው እኛው ነን።

ሰርዶን የሚገድለው የበጋ ፀሐይ ነው። የሥራው ዋና ክፍል ይህ ስለ ሆነ በደንብ አድምጡኝ።

ዝናብ የማይጠበቅባቸውን ሁለት ወራት ምረጡ፤ ክረምቱ በመስከረም በሚያበቃበት አገር ታኅሣሥና ጥር መልካም ናቸው። ለዚያ ቦታ የመስኖ ውኃ መስጠት አቁሙ። አፈሩ ጭቃነቱን ትቶ፣ ነገር ግን ገና ድንጋይ ሳይሆን ቁፋሮ ጀምሩ። በተለይ መረሬ አፈር ያላችሁ ቀኑን አታሳልፉ፤ አንድ ጊዜ ከተሰነጣጠቀ ዶማም አይገባበት። መቆፈሪያው ባለ አራት ጥርስ የብረት መንሽ ቢሆን ከዶማ እጅግ ይሻላል፤ ዶማ ግንዱን ይቆርጠዋል፤ መንሽ ግን ከነርዝመቱ ያነሣዋል። ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ይሁን። ጓሉን ገልብጡና አራግፉ፤ ግንዱን ወደ ላይ አውጥታችሁ በፀሐይ ላይ በትኑት። አትከምሩት፤ ከክምሩ ሥር ያለው ጥላና እርጥበት አግኝቶ በሕይወት ይቆያል።

ሁለት ሳምንት ያህል በጠንካራ ፀሐይ ከደረቀ በኋላ በመጥረጊያ ሰብስባችሁ አውጡ። ከዚያም ቦታውን እንደገና፣ በዚህ ጊዜ አግድም፣ ቆፍሩ። መጀመሪያ የቀረው በሁለተኛው ይወጣል። መሬቱ ሰፋ ያለ ሆኖ በበሬ የምታርሱ እንደ ሆነ፣ ማረስ፣ መድገም፣ መሰለስ የሚባለውን ሥርዓት በዚሁ በደረቁ ወራት በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት ፈጽሙት፤ በየእርሻው መካከል ግን በእጅ መልቀም ግድ ነው። ማረሻ ጥልቀቱ ትንሽ ስለ ሆነ ብቻውን አይበቃም። በመካከሉ ያልታሰበ ዝናብ ቢመጣ ሌላ ሥራ ትታችሁ በዚያው ቀን የተበተነውን ሰብስቡ።

ግንዱ መሞቱን እንዴት እናውቃለን? የሞተው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ያልሞተው ይለመጣል። የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ገበሬው በዓይኑ አይቶ እንዲያምን ይህን ሠርቶ ማሳያ አድርጉለት። ሁለት አሮጌ ጣሳዎች አምጡና ከሥራቸው ብሷቸው፤ አፈር ሙሏቸው። በአንደኛው ዛሬ የተቆፈረ ጣት የሚያህል ቁራጭ፣ በሌላው ሁለት ሳምንት ፀሐይ የመታው ቁራጭ ቅበሩ፤ ሁለቱንም ውኃ አጠጡ። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ጣሳዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ከደረቀው ጣሳ ሰርዶ ቢበቅል ደግሞ ማድረቁ ገና አልበቃም ማለት ነውና ሰብስባችሁ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ጨምሩለት።

በደንብ የደረቀውን ለከብት መስጠት ወይም ማቃጠል ይቻላል። ያልደረቀውን ግን ወደ ፍግ ጉድጓድ አትጣሉ። ከብት የሰርዶን ዘር በልቶ በእበቱ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ለአትክልት መደብ ትኩስ እበት ከማልበስ ይልቅ ተከምሮ፣ እጅ እስኪያቃጥል ግሎና ተገላብጦ የበሰለውን ፍግ መጠቀም ይሻላል።

ወደ እንግጫ ልለፍ። ጎጃም ውስጥ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶች እንግጫ ነቀላ ይወጣሉ፤ ሲነቅሉት ግን ከመሬት ውስጥ የሚቀረውን ማንም አይቆጥረውም። ከሥሩ በቀጭን ክር እንደ ዶቃ የተያያዙ እንክብሎች አሉት። ከላይ ያለውን ስንመዘው ክሩ ይበጠስና እንክብሎቹ ይቀራሉ፤ እያንዳንዱም እንክብል ብዙ እንቡጥ ስላለው እንደገና ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ሳይበቅል ተኝቶ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እንግጫን በአንድ በጋ አጠፋለሁ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል።

የእንግጫ ድካሙ ሌላ ቦታ ነው። እንክብሉ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው በጎተራው ካስቀመጠው ምግብ ነው። ቅጠሉ አምስት ወይም ስድስት እስኪሆን ድረስ ከጎተራው ይበላል እንጂ አይመልስም፤ ከዚያ በኋላ ግን አዲስ እንክብል መሥራት ይጀምራል። እንግዲህ ስድስተኛው ቅጠል ሳይወጣ ከተነቀለ እንክብሉ ወጪ ብቻ ይሆንበታል። በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ፣ ሳይዘገዩ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ቢነቀል ጎተራው እየተራቆተ ይሄዳል። አንድ ወር ተዘንግቶ ከታለፈ ግን የተደከመበት ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ለሽንኩርት አንድ ጊዜ፣ ለበዓል አንድ ጊዜ እያሉ ማረም ለእንግጫ ምንም አያደርገውም። በበጋ ቁፋሮ ወደ ላይ ወጥቶ ፀሐይ የመታው እንክብል ደርቆ ስለሚሞት፣ ለሰርዶ የነገርኋችሁ ሥራ እንግጫንም ያቀጥነዋል። ጥቁር ላስቲክ ማልበስ ግን ብዙ አይረዳም፤ የእንግጫ ጫፍ ላስቲኩን በስቶ ይወጣል።

ሁለቱም አረሞች ጥላ አይወዱም። ከጽዳቱ በኋላ ባለው ወቅት ወዲያው ሽንኩርት አትትከሉ። ስኳር ድንች፣ ዱባ ወይም ድንች ተክላችሁ መሬቱን በቅጠል አልብሱት። በተለይ ስኳር ድንች ሐረጉ መሬቱን ሸፍኖ ስለሚይዝ መልካም ነው። ድንችም ሲቆፈር የቀረውን ግንድና እንክብል አብሮ ለመልቀም ያመቻል፤ እንግጫው ብዙ በሆነበት ቦታ ግን ሾጣጣው ጫፉ ድንቹን እየበሳ ስለሚያበላሸው ስኳር ድንቹን ምረጡ። ሽንኩርት ቦታው ንጹሕ መሆኑ ከታየ በኋላ ይመጣል።

አረሙ ከወሰን ተመልሶ እንዳይገባ በቦታው ዙሪያ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ቆፍሩ፤ ሐረግ ተሻግሮ ሲገኝ ቁረጡት። ከእርከንና ከዋናው የውኃ ቦይ ዳር ያለውን ሰርዶ ግን ሁሉንም አትንቀሉ፤ እዚያ አፈሩን የያዘው እርሱ ነው፤ ለከብትም መልካም ግጦሽ ነው። ከሌላ ሰው መደብ ችግኝ ስትገዙም በሥሩ ላይ ያለውን አፈር ፈትሹ፤ አንድ እንክብል አብሮ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

ስለ መድኃኒት ልትጠይቁኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ። ለጤፍና ለስንዴ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው፤ ሰርዶን አይገድልም። ቲማቲምንና ቃሪያን ግን ያጠፋል፤ በነፋስ የመጣ ጥቂት ጠብታ ወይም ባልታጠበ መርጫ ውስጥ የቀረ ትራፊ እንኳ ቅጠላቸውን ያጠማዝዛል። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ለገበያ የዋለው ግላይፎሴት ሰርዶን እስከ ግንዱ ይደርስበታል፤ ነገር ግን ያገኘውን ለምለም ሁሉ ስለሚገድል አትክልት ባለበት መደብ አይረጭም። የሚረጨው ባዶ መሬት ላይ፣ ሰርዶው ለምልሞ እያደገ ሳለ፣ በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ነው፤ በደፈረሰ ውኃ ኃይሉን ያጣል። ከተረጨ በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል አይታረስም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን መድኃኒት ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት ጋራ መድቦታል። ስለዚህ ጓንት፣ ቦቲ ጫማና የአፍ መሸፈኛ ሳያደርግ ማንም አይርጭ፤ ልጅም አይላክበት፤ ባዶ ዕቃውም የውኃ መቅጃ አይሁን። በእኔ አስተያየት ለጓሮ ስፋት መንሽና ፀሐይ ይበቃሉ።

አሁን ከባዱን ነገር ልናገር። መሬቱ በመስኖ ገንዘብ የሚያመጣባቸው ወራትና ሰርዶ የሚሞትባቸው ወራት አንድ ናቸው። ማሳውን በሙሉ በጥር አድርቁ ብላችሁ ለገበሬው ብትነግሩት፣ የልጆቹን ደብተርና ልብስ ከየት ያምጣ? ስለዚህ ማሳውን ሦስት ቦታ ክፈሉት። በመጀመሪያው ዓመት አረሙ የበረታበትን ሢሶ ብቻ አድርቁ፤ ሁለቱ ሢሶ እንደ ወትሮው ይመረቱ። ከጸዳው ሢሶና ካልጸዳው መካከል ቦዩን ቆፍሩ፤ መሣሪያውንም ከአንዱ ወደ ሌላው ስታሻግሩ አፈሩን አራግፉ።

መሬት ለአንድ ዓመት ተከራይቶ ወይም በእኩል የያዘ ሰው የሌላውን ሰርዶ ለመንቀል ልቡ አይነሣለትም፤ አይፈረድበትምም። የልማት ሠራተኛው ባለ መሬቱንና አራሹን አንድ ላይ አስቀምጦ ውሉ ለሦስት ዓመት እንዲሆን፣ በማድረቂያው ወቅት የሚታጣውም ከኪራዩ እንዲቀነስ ቢያነጋግራቸው ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጠቅማል። መሬቱ ሲጸዳ የሚከብረው የባለ መሬቱም ንብረት ነውና።

ከሥራው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አሥር ቀን ሲሆን በጸዳው ሢሶ ውስጥ በየመደቡ ተመላለሱ። አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ ብቅ ያለ አረንጓዴ ጫፍ ታያላችሁ። በየቦታው እንጨት ትከሉበትና በማግሥቱ በመንሽ ከሥሩ አውጡት፤ እንጨቶቹንም ቍጠሩ። በሚቀጥለው ወር ስትመለሱ ደግሞ እንደገና ቍጠሩ። ቍጥሩ ከቀነሰ በመጪው ጥር ሁለተኛውን ሢሶ ትጀምራላችሁ፤ ካልቀነሰ ግን ያንኑ ቦታ ትደግሙታላችሁ።